«ልቤ አልከፈት አለ፤ አላህ ይጠይቀኝ ይሆን?»

የአንባቢ ደብዳቤ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነዎት እትዬ? ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴን ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያ ሚስቱ በሕመም ስትሞት አንዲት ልጅ ትታለት ነበር። ልጅቷ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት ሞላት። ልጅ እንዳለው አውቄ፣ ወድጄ ነው የገባሁት። «እናት እሆናታለሁ» ብዬ ለዘመዶቿ ቃል ሰጥቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርን። አምና ወንድ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ግን ውስጤ ተቀየረ። እሱን ሳቅፈው አንጀቴ ይርሳል። እሷ «እማ» ብላ ስትጠጋኝ ሰውነቴ ይሸሻል። አባቷ ማታ ሲገባ ሮጣ ስትጠመጠምበት ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አንዳንዴ ከታች ቀድተን እናወጣለን። ማንም ሳያዛት ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን አንጠልጥላ ደረጃውን ትወጣለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ታስቀምጥና የሆነ ነገር እላት እንደሆነ ቆማ ታየኛለች። እኔ ቃል ከአፌ አይወጣም።

አልመታትም፣ አልሰድባትም። ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ትማራለች። ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። እንቁላል አንድ ብቻ ሲቀር እሷ እስክትተኛ ጠብቄ ለልጄ እሰጠዋለሁ። ፀጉሯን መሥራት ስለሚከብደኝ ለጎረቤት ከፍዬ አሠራታለሁ።

ሰሞኑን በስልኬ አንድ ሙሐደራ (የሃይማኖት ትምህርት) ሰማሁ። «አላህ የሚያየው ልብን ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፊቴ እየሳቀላት ልቤ ካልወደዳት ሙናፊቅ (አስመሳይ) አይደለሁም? ኢስቲግፋር (የምሕረት ልመና) አደርጋለሁ፤ ስሜቱ ተመልሶ ይመጣል። ደሴ ያሉት የእናቷ እናት ዘንድ ሄዳ ትኑር ብዬ ለባለቤቴ ልነግረው አስቤ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ማታ ማታ ስለማመድ ከርሜያለሁ። እስካሁን ግን አልነገርኩትም። ይህን መጻፌ ራሱ ወንጀል (ኃጢአት) ይሆንብኝ ይሆን? ስሜቱን አልመረጥኩትም። አላህ በዚህ ይጠይቀኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህቴ።

አይዞሽ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ይህን መጻፍሽ ወንጀል አይደለም፤ ምክር የምትፈልጊው ልጅቷን እንዳትበድያት ፈርተሽ ነውና። ሶሐቦችም (የነቢዩ ባልደረቦች) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው «በውስጣችን ለመናገር እንኳ የሚከብደን ነገር ይመጣብናል» ብለዋቸዋል። አልተቆጧቸውም። «እውነት ይህ ተሰማችሁ? እሱ እኮ ግልጽ ኢማን (እምነት) ነው» አሏቸው። ይህን ሐዲስ (የነቢዩን ንግግር) ሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለሞች (የሃይማኖት ሊቃውንት) እንደሚያብራሩት ኢማን የተባለው የመጣባቸው ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ሐሳቡን መጥላታቸውና በሱ መጨነቃቸው ነው። አንቺም እንቅልፍ ያጣሽው ስለዚህች ልጅ ግድ ስላለሽ ነው። ግድ የሌለው ሰው ምንም ሳይሰማው ይተኛል።

የሰማሽው ሙሐደራ ላይ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ሐዲሱ ትክክለኛ ነው፤ ሙሉው ግን «አላህ ወደ መልካችሁና ወደ ሀብታችሁ አይመለከትም፤ ወደ ልቦቻችሁና ወደ ሥራዎቻችሁ ይመለከታል» ነው የሚለው። ሥራም አብሮ አለበት። ሐሳቡ ተቆርጦ በስልክ ሲዞር፣ ያንቺ ዓይነቷ እናት ሌሊት ቁጭ ብላ የልቧን ትርታ ስትቆጥር ታድራለች። ቀን ቀን የምታበስዪው፣ የምታጥቢው፣ ደብተር የምትገዢበት ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ይታይሻል። እሱም በአላህ ዘንድ የሚታይ ሥራ ነው።

ይህ ያንቺ ፍርሃት ደግሞ አዲስ አይደለም። በቁርኣን ከሱረቱል በቀራ 284ኛው አንቀጽ፣ በነፍሳችሁ ያለውን ብትገልጹትም ብትደብቁትም አላህ ይተሳሰባችኋል የሚለው ሲወርድ፣ ሶሐቦች በጣም ጨነቃቸው። ነቢዩ ዘንድ ሄደው ተንበረከኩ። ሶላቱንም፣ ጾሙንም፣ ሰደቃውንም (ምጽዋቱንም) እንችላለን፤ ይህን ግን አንችልም አሉ። እሳቸውም «ሰምተናል፣ ታዘናልም በሉ» አሏቸው። እነሱም አሉ። ከዚያ ነው 286ኛው አንቀጽ የወረደው፤ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። በሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም በዘገቡት፣ አላህ የዚህን ኡማ (የሙስሊሙን ማኅበረሰብ) ነፍሶች የሚያወሯቸውን ነገር እስካልተናገሩት ወይም እስካልሠሩበት ድረስ ይቅር ብሏል።

ስለዚህ ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ፦ «እማ» ስትልሽ ሰውነትሽ በመሸሹ አትጠየቂም። አባቷ ላይ ስትጠመጠም ደረትሽን ጭምድድ በሚያደርገው ነገርም አትጠየቂም። ጠርተሽ አላመጣሽውም፤ ሂድ ብትዪውም አልሄደም።

ይህን ስል ግን የልብ ነገር ሁሉ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ኩራት አለ፣ ቂም ይዞ መክረም አለ፣ በሰው ላይ ክፉ እንዲደርስ መመኘትና በምኞቱ መደሰት አለ። ኢማም አል-ገዛሊ፣ በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት ታላቅ ሊቅ፣ ነገሩን በደረጃ ለይተውታል። መጀመሪያ ሐሳብ ውል ይላል። ቀጥሎ ነፍስ ወደዚያ ታዘነብላለች። ሁለቱም በሰው እጅ ስላልሆኑ ተጠያቂነት የለባቸውም። ከዚያ ልብ «ይህ ቢደረግ ይሻላል» ብሎ ይፈርዳል፤ እዚህ ላይ በምርጫሽ የገባሽበት ያስጠይቅሻል፣ ሳትወጂ የመጣብሽ አያስጠይቅሽም። መጨረሻ ላይ ቁርጥ ሐሳብ አለ፤ እሱ የራስሽ ነው። አላህን ፈርተሽ ከተውሽው ግን ምንዳ ይጻፍልሻል።

ይህን ይዘሽ ደብዳቤሽን እንደገና አንብቢው። መሸሹ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ማታ ማታ የምትለማመጂው ንግግር ግን ወደ መጨረሻው እየተጠጋ ነው። እንቁላሉም የስሜት ጉዳይ አይደለም። እሱ በእጅ የተሠራ ነው።

ስለ እንቁላሉ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ባትጽፊው ማንም አያውቅብሽም ነበር። እስቲ የአንዲት እናት ታሪክ ልንገርሽ። ዐምራ ቢንት ረዋሓ የምትባል የመዲና ሴት ባሏ በሺር ለልጇ ለኑዕማን ስጦታ እንዲሰጠው ፈለገች። ነቢዩን ምስክር ካላደረግህ ደስ አይለኝም አለችው። እሱም ሄደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ለልጆችህ ሁሉ እንዲህ ሰጥተሃል? አልሰጠሁም አለ። «አላህን ፍሩ፣ በልጆቻችሁ መካከልም ፍትሐዊ ሁኑ» አሉት። በሺርም ስጦታውን መለሰው። ልብ በይ፣ የጠየቁት ስለ ስጦታው ነው። ሁሉንም እኩል ትወዳቸዋለህ ወይ ብለው አልመረመሩትም።

እንቁላል አንድ ብቻ ሲኖር ለሁለት መካፈል ይቻላል። አምና የተወለደ ሕፃን ግማሹ ይበቃዋል። ሐኪም ለሕፃኑ ብቻ ያዘዘው ምግብ ካለ ደግሞ ሳትደብቂ በፊቷ ስጪው፤ «ይሄ የወንድምሽ ነው፣ ያንቺ ይኸው» በያት። ተኝታለች ያልሻት ልጅ ነቅታ ይሆናል። የስምንት ዓመት ልጅ የመጥበሻ ድምፅ ትሰማለች። የሚጎዳት እንቁላሉ ስለቀረባት ሳይሆን እንድትተኛ መጠበቅሽ ነው። ይህን ያነሳሁት ልወቅስሽ አይደለም። ስሜትሽን ዛሬ ማታ መለወጥ አትችዪም፤ እንቁላሉን ግን ትችያለሽ።

አሁን ሙናፊቅ ነኝ ወይ ላልሽው። አይደለሽም። ኒፋቅ ማለት ክህደትን ደብቆ እምነትን ማሳየት ነው። ምልክቶቹ ተብለው በሐዲስ የተነገሩትም ሲናገሩ መዋሸት፣ ቃል ገብቶ ማፍረስ፣ አማና (አደራ) መብላት ናቸው። ልብሽ እየከበደው ለሕፃን ፈገግ ማለት የት አለበት? ቁርኣን በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 134 ላይ ሲያመሰግን ቁጣቸውን የሚውጡትን ነው ያመሰገነው። የሚዋጥ ቁጣ ከሌለ ምን ይውጣሉ? ፊትሽ ከልብሽ ቀድሞ መልካም መሆኑ ለኔ ትግል ነው የሚመስለኝ። ትግሉ ደግሞ ያደክማል፤ ድካምሽም ከዚያ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ።

ኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ታውቂያቸዋለሽ። ከባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደዚህ ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት አንዷ ናቸው። አቡ ሰለማ ከሞቱ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ሲጠይቋቸው ኡሙ ሰለማ ምን አሉ መሰለሽ? ልጅ አለችኝ፣ እኔም ቅናተኛ ሴት ነኝ አሉ። በግልጽ፣ ሳይሸፋፍኑ። ነቢዩም እንዴት እንዲህ ትሆኛለሽ አላሏቸውም። ለልጅቷ አላህ እንዲያብቃቃት፣ ለእሳቸውም አላህ ቅናቱን እንዲያነሳላቸው ዱዓ እንደሚያደርጉ ነገሯቸው። ያ ስሜት ዱዓ የሚደረግለት ነገር ነበር። ያንቺም እንደዚያው ነው። እስካሁን ኢስቲግፋር ብቻ ስታደርጊ ቆይተሻል። ከዛሬ ጀምሮ ለምኚም፤ በሱጁድሽ (በስግደትሽ) ውስጥ በአማርኛም ቢሆን በልብሽ «ያ አላህ፣ ልቤን ለዚህች ልጅ አራራልኝ» በይ።

ሌላም አለ። በ625 እ.ኤ.አ. በኡሑድ ዘመቻ የነቢዩን አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለው ወሕሺይ፣ እሱም ሐበሻዊ፣ ከዓመታት በኋላ እስልምናን ተቀብሎ መጣ። እስልምናው ተቀባይነት አገኘ፤ ማንም አልነካውም። ነቢዩ ግን ከተቻለህ ፊትህን ከኔ ዞር አድርግልኝ አሉት። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ከፍጡር ሁሉ አዛኙ ሰው እንኳ አንድን ፊት ሲያዩ የሚቆስል ልብ ነበራቸው፤ ያ ቁስል ግን ፍትሕ ከማድረግ አላገዳቸውም። ባንቺ ላይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ወሕሺይ የሠራው ነገር ያለበት አዋቂ ነበር። እሷ ሕፃን ናት፣ ምንም አላጠፋችም፣ ቤቷም ይኸው ነው። ዞር በይልኝ ልትባል አትችልም። አንቺ ግን ሲከብድሽ ለአምስት ደቂቃ በረንዳ ላይ ወጥተሽ መመለስ ትችያለሽ። ያ መሸሽ አይደለም።

አሁን ጥቂት ነገሮች ልጠይቅሽ። ሕፃኑ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳል? እሱ ሲተኛ አንቺ ትተኛለሽ ወይስ ዓይንሽ ፈጦ ይቀራል? ምግብ ይጣፍጥሻል? ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ? ይህን የምጠይቅሽ ውስጤ ተቀየረ ያልሽው ከወሊድ ወዲህ ስለሆነ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የሚባል የታወቀ ሕመም አለ። አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ሰውን ያስጠላል፣ ንዴት ያበዛል፣ ወንጀለኛ ነኝ የሚል ስሜት ያመጣል። አለብሽ አላልኩም። ግን ሕፃኑን ወደምታስከትቢበት ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ከልጄ በቀር ሰው መቅረብ ከብዶኛል» ብለሽ ንገሪያቸው። የኢማን ድክመት ነው ብለው የሚያስፈራሩሽን አትስሚ። ራስሽን ወይም ልጆቹን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ለባለቤትሽ ነግረሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ባለቤትሽን ካነሳሁ አይቀር፣ በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ የሚታየው ማታ ሲገባ ብቻ ነው። ሁለት ልጅ፣ አራት ፎቅ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ፤ ይህን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ይዘሽዋል። ለሥራ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው ማለዳ ወጥቶ ደክሞ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሆኖም ልጅቷ የሱም ናት። እናቷን አብረው የቀበሩት እሱና እሷ ናቸው። ምናልባት ማታ የምትጠመጠምበት እሱ ብቻ ስለቀራት ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት፣ እሱ ልጅቷን ይዞ ቢወጣ አንቺ ትተነፍሻለሽ። በሌላ ቀን ደግሞ ሕፃኑን እሱ ይያዝና አንቺና እሷ ብቻችሁን ሁኑ። ረጅም መሆን የለበትም። ዳቦ ለመግዛት አብራችሁ ወርዳችሁ አብራችሁ ውጡ።

ከፀጉሯ ግን አትጀምሪ። የሚከብድሽ መንካት ከሆነ በሚቀልልሽ ጀምሪ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታይሽ አንድ ቃል በያት፤ «ጎበዝ፣ አላህ ይባርክሽ።» በቃ። ባትወጂያትም ማለት ትችያለሽ፤ ውሸትም አይደለም፣ ጎበዝ ናትና፣ የቀረው ዱዓ ነው። አል-ገዛሊ ቅናትን ለማከም የመከሩት ይህንኑ ነው፤ ስሜቱ ከሚገፋሽ ተቃራኒውን አድርጊ፣ ዝም በይ ሲልሽ አመስግኚ። መጀመሪያ በግድ የሚደረገው ሲቆይ ባሕርይ ይሆናል ይላሉ። ለስንት ጊዜ? አላውቅልሽም፤ ልብ ቀጠሮ አይቀበልም። ባይራራ እንኳ ልጅቷ ቃሉን ሰምታለች። እኔ የሚያሳዝነኝ ነገር፣ እዚያ በር ላይ መቆሟን አይተሽ፣ ምን እንደምትጠብቅም ገብቶሽ፣ ለእኔ ጻፍሽልኝ እንጂ ለእሷ አልነገርሻትም።

«እማ» ማለቷ ከከበደሽም አታስተዪያት። ግን እናቷን አብራችሁ አንሱ። ፎቶዋ ቤት ውስጥ አለ? መቼ ነው ስሟ በመጨረሻ የተጠራው? ለሟች እናቷ ዱዓ ስታደርግ አጠገቧ ሆነሽ ኣሚን ብትዪ ከእናቷ ጋር መወዳደር እንደሌለብሽ ለሁለታችሁም ይቀልላል። ብዙ ሴቶች «እንጀራ እናት» እንዳይባሉ ፈርተው ምንም ዓይነት ክፉ ስሜት የሌላቸው መስለው ይኖራሉ። ደረጃ ላይ ሐሜት፣ ቡና ላይ ሐሜት አለ። ያ ፍርሃት ይመስለኛል ስሜቱን ያባሰብሽ።

የአያቷን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ከባድ ስለሆነ ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ዘንድ በልጅ አስተዳደግ መብት ከእናት ቀጥሎ የእናት እናት ትቀድማለች፤ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከምታምኚው ዓሊም ጠይቂ። ግን ለምንድን ነው የምትልኪያት? አያቷ ፈልገዋት ነው፣ እሷስ ናፍቃቸው ነው? ልጅቷን የጠየቃት ሰው አለ? አያቷን በመልክ ታውቃቸዋለች? ከትምህርት ቤቷ፣ ከአባቷ፣ ከወንድሟ ተለይታ ደሴ ብትሄድ በዓይኗ የሚመጣው «ወንድሜ ሲወለድ ተባረርኩ» የሚል ሊሆን ይችላል። በዚህ ድካምና እንቅልፍ እጦት ውስጥ ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር እንድትወስኚ አልመክርሽም። የክረምቱ ዕረፍት ሲመጣ ለጥቂት ሳምንት ሄዳ አያቷን ብትጠይቅ ግን ለሁላችሁም መልካም ነው፤ ሄዳ የምትመለስበት ቀን አስቀድሞ ይነገራት።

ለባለቤትሽ የተለማመድሽውን ንግግር ተዪውና ሌላ ልስጥሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኩን አስቀምጦ ሲቀመጥ፣ እንዲህ በዪው፦ «ልጅህን እበድላታለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ከወለድኩ ወዲህ ደህና አይደለሁም። አግዘኝ።» ሌላው ዝርዝር ሁሉ ባይነገረው ችግር የለውም፤ እሷ ስትጠጋኝ ሰውነቴ ይሸሻል የሚለውን ለባል መንገር ግዴታ አይደለም፣ ሊያቆስለውም ይችላል። ቢቆጣ ወይም ባይገባው፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ከቤተሰቡ ጥሩና አብራችሁ ተቀመጡ። ከተስማማችሁ በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ አብሮሽ ይሂድ፤ ሕፃኑን እሱ ይያዝልሽ።